የኦቩል ሥዕልና የእህል በረንዳ ባቄላ

በዕፅዋት ትምህርት መጻሕፍት ዘወትር የምናገኛት አንዲት ሥዕል አለች። በአበባው ማሕፀን ውስጥ ሆኖ ኋላ ዘር የሚሆነውን ኦቩል ለሁለት ተሰንጥቆ ታሳያለች፤ ሁለት ሽፋን፥ በሽፋኖቹ ጫፍ አንዲት ቀዳዳ፥ በመካከሉም ሰባት ሴሎችና ስምንት ኑክሊየሶች ያሉበት የፅንስ ከረጢት። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህችን ሥዕል በቃሌ አጥንቼ ሙሉ ማርክ አግኝቼባታለሁ። ኮሌጅ ገብቼ የባቄላ አበባ በምላጭ ስሰነጥቅ ግን ኦቩሉ የቱ እንደ ሆነ አላወቅሁትም። ስለዚህ ነቀፌታዬ ከራሴ ይጀምራል።

የሥዕሏ የመጀመሪያ ጉድለት እድገትን መደበቋ ነው። ኦቩል እንደ ትንሽ እብጠት ይጀምራል፤ በውስጡ አንዲት ሴል ተከፍላ አራት ትሆናለች፤ ሦስቱ ይሞታሉ፤ የቀረችው ሴል ኑክሊየስ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ስምንት ይሆናል። ይህን ሥርዓት ስትራስቡርገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 በፖሊጎነም ተክል ላይ ገልጾታል።

ሁለተኛው ጉድለት ይህ ሥርዓት ብቸኛ መስሎ መታየቱ ነው። እጅግ የተለመደው እርሱ ቢሆንም፥ በሊሊ አበባ ግን አራቱም ኑክሊየሶች ሳይሞቱ ከረጢቱን በመሥራት ይካፈላሉ። እኛ ብዙ ጊዜ በማይክሮስኮፕ የምናየው የሊሊ ስላይድ ነው፤ በደብተራችን የምንሥለው ግን የፖሊጎነምን ነው። ያየነውን ትተን ያጠናነውን እንጽፋለን ማለት ነው።

ይህን እያሰብሁ መርካቶ እህል በረንዳ ወርጄ ሩብ ኪሎ ባቄላ ገዛሁና ሌሊቱን በውኃ ዘፈዘፍሁት። በባቄላው ጎን ረዘም ያለ ጠባሳ አለ፤ ኦቩሉ በእትብቱ ተያይዞ የነበረበት ነው። ፍሬውን ጫን ሲሉት ከጠባሳው ጫፍ አጠገብ ውኃ ጠብ ይላል፤ ያቺ ቀዳዳ እነሆ! ኦቩሉ ቀጥ ብሎ አድጎ ቢሆን፥ እንደ ቁንዶ በርበሬ ኦቩል፥ ቀዳዳዋ ከእትብቱ ትይዩ በሌላው ጫፍ በተገኘች ነበር። አጠገቡ መገኘቷ ኦቩሉ ሲያድግ መታጠፉን ይመሰክራል።

ከቡና ሻጮችም ዘንድ ትምህርት አለ። የቡና አበባ ማሕፀን ሁለት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ አንድ ኦቩል። አንደኛው ሳያድግ ሲቀር ሌላው ስፍራውን ይዞ ድብልብል ይሆናል። ሥዕላችን ስለ መከነ ኦቩል አንድም ቃል የላትም፤ ገበሬው በባቄላ ቆባ ውስጥ ባዶ ስፍራ ሲያገኝ የሚጠይቀን ግን ስለዚያው ነው።

በመጨረሻም ኦቩልን በማስታወሻችን «እንቁላል» እያልን መተርጐማችን ስሕተት ነው፤ እንቁላሏ በውስጡ ካሉት ሰባት ሴሎች አንዲቱ ብቻ ናት።

ሥዕሏ ትጣል አልልም፤ አጭርና ግልጽ ናት። ነገር ግን ከመሣላችን በፊት የተዘፈዘፈ ባቄላ በእያንዳንዳችን እጅ ይሁን።