ባባር እና የመጀመሪያዎቹ ሁለት አድማጮች

እ.ኤ.አ. በ1931 ፓሪስ ውስጥ በታተመው «የባባር ታሪክ» ሽፋን ላይ የሰፈረው የሠዓሊው የዣን ደ ብሩኖፍ ስም ብቻ ነው። ታሪኩን መጀመሪያ የተናገረችው ግን ባለቤቱ ሴሲል ናት። የሁለቱም ስም እንዲሰፍር ታስቦ ሳለ፣ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው» በሚል ስሟ እንዲቀር የጠየቀችው ራሷ እንደሆነች ይነገራል። በመጽሐፉ ላይ የተሰነዘረው ሂስ በአብዛኛው ይህን ትሕትናዋን እንዳለ ተቀብሎ ኖሯል። የዝሆኑን የባባርን ዘውድ፣ የከተማውን አሠራር፣ የአረንጓዴውን ሙሉ ልብስ ትርጉም ሲመረምር፣ ታሪኩ ከማን አፍ ወጥቶ በማን ጆሮ እንደገባ ብዙም አይጠይቅም። እኔ ግን የመጽሐፉ ውበትም ሆነ ጉድለት የሚመነጨው ከዚያ ይመስለኛል፤ ታሪኩን መጀመሪያ ከሰሙት ልጆች ማንነት።

ነገሩ የሆነው በ1930 ነው፣ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በሼሲ። ትንሹ ልጅ ማትዩ ሆዱን ታሟል፤ ታላቁ ሎራን ገና አምስት ዓመቱ ነው። እናት ልጆቿን ለማባበል የአንድ ሕፃን ዝሆን ታሪክ አወራች። በማግስቱ ልጆቹ አባታቸው ዘንድ ሮጠው የሰሙትን ነገሩት፤ አባትየው ወደደውና መሣል ጀመረ። ባባር የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ ማለትም የአዳኙ ተኩስና ወደ ከተማ የሚደረገው ሽሽት፣ የእናቱ ፈጠራ እንደሆኑ ሎራን ካረጀ በኋላም መስክሯል።

ልጆቹ በዚህ ሂደት የተጫወቱት ሚና ቀላል አይደለም። ታሪኩ ከእናት ወደ አባት የደረሰው በእነሱ ወንፊት አልፎ ነው። ልጅ ያልወደደውን አይደግምም፤ ያልገባውን ይጥላል፤ የወደደውን ያጋንናል። በእኛም ቤት ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ብላ ከልጆቹ መልስ ካላገኘች ወደ ፍሬ ነገሩ አትገባም፤ አድማጩ የተረቱ ግማሽ ባለቤት ነው። የብሩኖፍ ልጆች ግን ከመመለስም አልፈው ራሳቸው ተራኪ ሆኑ።

ገጾቹ ይህንን ይመሰክራሉ። እናቲቱ ዝሆን ገና ከመነሻው በጥይት ትሞታለች። ልጇ ይሸሻል፣ ከተማ ይገባል፣ አንዲት ሀብታም አሮጊት ቦርሳዋን ትሰጠዋለች። ከዚያ በትልቅ መደብር ውስጥ በአሳንሰር አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ ይወርዳል፤ ሠራተኛው ሲከለክለው ሙሉ ልብስና ባርኔጣ ይገዛል። የእናት ሞትና የልብስ ሸመታ እንዲህ መጎራበታቸው ለአዋቂ አንባቢ ይከብዳል። ሆዱን የሚቆርጠውን ልጅ ለማስረሳት የሚወራ ታሪክ ግን ሐዘን ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ መፍጠን አለበት። ቢሆንም አይረሳም፤ ጥቂት ገጾች ቆይቶ ባባር መስኮት አጠገብ ቆሞ እናቱን እያሰበ ሲያለቅስ እናገኘዋለን። ልጅ ሐዘኑን የሚይዘው እንደዚህ ነው፤ ሲጫወት ይውልና ሳይታሰብ ይመጣበታል። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት አላየሁም።

ዣን ይህን የቤት ወግ በሥዕል ብቻ አልጠበቀውም። መጽሐፉን ሲዘረጋ የልጅ ጭን እስኪሞላ ድረስ ትልቅ አደረገው፤ ጽሑፉም በማተሚያ ፊደል ፋንታ በተያያዘ የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። እርግጥ ፍቅር ብቻውን መጽሐፍ አያሳትምም። የዣን ወንድም የፈረንሳዩ «ቮግ» መጽሔት አዘጋጅ፣ አማቹ ሉሲየን ቮዤል ደግሞ አሳታሚ ነበሩ። ተመሳሳይ ታሪክ ለልጆቻቸው ያወሩ፣ ነገር ግን በቤተሰባቸው አሳታሚ ያልነበራቸው ስንት እናቶች እንደነበሩ ማን ያውቃል።

በ1933 ለእንግሊዝኛው እትም መግቢያ የጻፈው ኤ. ኤ. ሚልን ነው። ሚልን የራሱን ልጅ ክሪስቶፈር ሮቢንን በስሙ፣ ከነአሻንጉሊቶቹ፣ በ1926 «ዊኒ ዘ ፑ» ውስጥ አስገብቶታል። ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ስም መሳለቂያ አደረገው፤ ቅሬታውን በ1974 ባሳተመው ትዝታው ገልጾታል። ሎራንና ማትዩ ግን ከባባር ገጾች ውጭ ናቸው፤ ዝሆኑ ሸሸጋቸው። ልጅ የመጽሐፉ አድማጭ ሲሆን እና መታያ ሲሆን ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የልጃቸውን ስምና መልክ በሽፋን ላይ አድርገው ባለ ሁለት ቋንቋ የሥዕል መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ወላጆች አሉ። በመጽሐፍ ውስጥ የራሱን መልክ ያላየ ልጅ ሲያየው የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለምና ጥረታቸውን አልነቅፍም። ግን ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ልጁን ያሞግሳል እንጂ ልጁ «እሺ፣ ከዚያስ?» እንዲል አያደርግም።

የአድማጭ ጉዳይ ሌላ ፊትም አለው። ባባር የወጣበት 1931 በፓሪስ ቫንሰን የቅኝ ግዛቶች ታላቅ ኤግዚቢሽን የተከፈተበት ዓመት ነው። ከተማ ገብቶ፣ ልብስ ለብሶ፣ ተምሮ፣ ተመልሶ ወገኖቹን የሚገዛው ዝሆን የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ተቺዎቹ አርየል ዶርፍማን በ1983፣ ኸርበርት ኮል በ1995 ይህን በስፋት ከስሰዋል። ክሱ ትክክል ነው፤ «ለልጆቼ የተነገረ የዋህ ታሪክ ነው» የሚለው መከላከያም አያዋጣም። ታሪኩ የተነገረበት ቤት ከዘመኑ ውጭ አልነበረም፤ በዚያ የተቀመጡት ሁለት የፈረንሳይ ልጆች ደግሞ ስለ አፍሪካ የሚነገረውን ለማረም የሚችሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ዣን በሁለተኛው መጽሐፉ «አረመኔዎች» ሲሥል፣ ሎራንም በ1949 በጻፈው የሽርሽር መጽሐፍ ጥቁሮችን ሲያዛባ፣ ከአድማጮቹ መሃል «ይህ እኔን አይመስልም» የሚል ልጅ አልነበረም። ያንን ያለችው በራንደም ሀውስ አርታኢ የነበረችው ቶኒ ሞሪሰን ናት። ሎራንም ተቀብሎ መጽሐፉ ከገበያ እንዲወጣ አደረገ።

ዣን በ1937 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር። ከ1946 ጀምሮ ሎራን ሥራውን ቀጠለ፤ በ2024 በ98 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከአባቱ ሥራ ብዙ እጥፍ የሚሆን አሳተመ። የብሩሽ አያያዙ ከአባቱ ጋር እስኪምታታ ድረስ ይመሳሰላል፤ ባባር ይጓዛል፣ ዮጋ ይሠራል፣ ወደ ሌላ ፕላኔት ይሄዳል። ያ የመስኮቱ ገጽ ግን አልተደገመም። ሎራን መጽሐፎቹን ሲሠራ ስለ ልጆች እንደማያስብ፣ ለራሱ ብቻ እንደሚሠራቸው በግልጽ ተናግሯል። አባቱ ሲሥል ግን ከእናታቸው የሰሙትን ለመንገር ሮጠው የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩት።