ሙሉ ገጽና የጎን ገጽ፤ በጎንደር ሥዕል ስለ ጦርነትና ስለ ነጻ ፈቃድ

በጎንደር ከተማ የሚገኘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት (1674–1698 ዓ.ም.) የተተከለ ደብር ነው። የዛሬው ሕንፃና ሥዕሎቹ ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠሩ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማውን ባቃጠሉ ጊዜ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ንቦች እንዳዳኑት በአፈ ታሪክ ይነገራል።

ስለ ደብሩ የጻፉ ብዙዎች የሚያደንቁት ጣራውን የሸፈኑትን የኪሩቤል ፊቶች ነው። አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሥዕል እንደ ጌጥ ብቻ መቁጠር ለተመልካቹ የቀረበለትን ጥያቄ ማለፍ ይሆናል።

በሀገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ገጽ፣ ኃጥአን ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ይህን የበጎና የክፉ ምልክት ነው ብሎ መተው የተለመደ ነው። ሆኖም በምሴተ ሐሙስ ሥዕሎች ይሁዳ ከሐዋርያት ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ፊቱን በማዞሩ ነው። ፊትን ማዞር ሥራ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም፤ የዞረም መመለስ ይቻለዋል። ስለዚህ የጎን ገጽ የሚናገረው ስለ ነጻ ፈቃድ ነው።

ፈረሰኞቹ ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ ዑልያኖስን ሲወጉ ዓይናቸው ብዙውን ጊዜ በተወጋው ላይ አያርፍም፤ ወደ ተመልካቹ ያያሉ። ሥዕሉ ስለ ድል ከመፎከር ይልቅ «አንተስ ፊትህ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ሥርዓት ወደ ጦር ሜዳ ሥዕል ሲገባ ግን ትርጉሙ ጠበበ። የ1888 ዓ.ም.ን የዐድዋ ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሰማይ ሲረዳ ይታያል፤ ኢትዮጵያውያን አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ገጽ፣ ኢጣልያኖች በጎን ተሥለዋል። ወራሪን የመከተ ሕዝብ ሠዓሊ እንዲህ ማድረጉ አያስነቅፈውም። ሆኖም የጎን ገጽ በእነዚህ ሥዕሎች የሰውየውን ምርጫ መናገሩ ቀርቶ የተሰለፈበትን ወገን የሚያመለክት ሆነ። ይሁዳ በፈቃዱ ዞረ፤ የዐድዋው ወታደር ግን በሰልፉ ብቻ እንደ ዞረ ተቈጠረ።

ይህ ልዩነት የሠዓልያን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ነሐሴ እስከ ሰሜን ጎንደር ደጋ፣ እስከ ዳባት አካባቢ ደረሰ። በዚህ ጦርነት በወዲህም በወዲያም ማዕተብ ያሰረ፣ ያንኑ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚማጸን ሰው ነበር። እንግዲህ በጎን የሚሣለው ማን ነው? የዐድዋን አሣሣል የሚከተል ሠዓሊ መልሱን ከሰልፉ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለውም ሥዕል የወንድማማቾችን ጠብ ያጸናል እንጂ ለማሰላሰል አይረዳም። የቀደመውን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚከተል ግን ፊቱን ያዞረ ሰው በየትኛውም ሰልፍ እንደሚገኝ፣ ሊመለስም እንደሚችል ያሳያል። ሰላምን ለመሣል የሚሻ ሠዓሊ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።