ሳላዲን በሁለት ምት ብቻ?

ስለ ሳላዲን ሰኢድ የሚጻፈውን ሳነብ ነገሩ ሁለት ምት ላይ ያልቅብኛል። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ያገባት ጎል ናት። ሁለተኛው፣ በጥር 2013 ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ የሳታት ፍጹም ቅጣት ምት። አንዴ ጀግና፣ አንዴ ጥፋተኛ፤ በቃ።

የቀረውስ? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብጹ ዋዲ ዴግላ፣ በውሰት ወደ ቤልጅየሙ ሊርስ፣ በ2014 ወደ አል አህሊ፣ በ2015 ወደ አልጀርስ፣ በኋላም ተመልሶ ጊዮርጊስ። ዋዲ ዴግላና ሊርስ ያኔ ባለቤታቸው አንድ ነበር፤ "አውሮፓ ገባ" ያልነው ጉዞ ከአንድ ቤት ጓዳ ወደ ጓዳ መዛወርም ነበር ማለት ነው። ይህን እንደ ሥራ ታሪክ የሚተርክልን ጽሑፍ ናፍቆኛል።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር እንዲህ ያለውን ኑሮ ያውቀዋል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ጎልማሳው ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሁመራ ሲወርድ ኖሯል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል፣ በዓመቱ ደግሞ ይሄዳል። "ሠርቶ መጣ" ነው እንጂ "ከሸፈ" አይባልም።

የስፖርት ጽሑፋችን ግን ለሠራተኛ ቃል የለውም፤ ያለው ወይ ሙገሳ ወይ ሙሾ ነው። ባሕር ማዶ ልጫወት ብሎ የሚያልም የቡሬ ልጅ ከዚህ ምን ይማራል? ውሰት ምን እንደሆነ፣ ውል እንዴት እንደሚያልቅ፣ ጉዳት ደሞዝን እንዴት እንደሚበላ ቢነገረው ነው የሚሻለው።