«ያረጋጋል» ማለት ምን ማለት ነው?
ስለ መርካቶ የዕፅ ሻይ በምንጽፈው ላይ የቀረበ ሒስ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በመርካቶ ገበያ፣ በተለይም በቅመም ተራና በአካባቢው፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ሌሎች የደረቁ ዕፅዋት ከበርበሬና ከእርድ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አንዳንዱ ለወጥና ለቅቤ ማጣፈጫ፣ አንዳንዱ ለሻይ፣ አንዳንዱም ለሕመም ማስታገሻ የሚገዛ ሲሆን፣ በብዙ ገዢዎች ዘንድ በእነዚህ ሦስት አገልግሎቶች መካከል የተሰመረ ድንበር የለም። ስለ አንድ ዕፅ ጥቅም ሲጠየቅ ከሚሰሙት መልሶች መካከል «ያረጋጋል»፣ «እንቅልፍ ያመጣል»፣ «ለነርቭ ጥሩ ነው» የሚሉት ይገኙበታል። ከዚሁ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በሀገራችን በአእምሮ ሕክምና አንጋፋ የሆነው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠዋት ዕፁን የገዛውና ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ ተራውን የሚጠብቀው ሰው አንድ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ሒስ በሻጩ ላይ የተሰነዘረ አይደለም። ሻጩ የሰማውንና የሚያምንበትን ተናግሯል። ሒሱ የሚያነጣጥረው እኛ የጤና ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች ይህንን ንግግር ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፉንም ወደ «ግኝት» በምንለውጥበት መንገድ ላይ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። ማረጋጊያ የሚሻ ሰው ወደ ገበያ የሚሄደው የምርመራ ውጤት ይዞ አይደለም፤ «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ያለ ምክንያት ያስደነግጠኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እያለ ነው። እነዚህ አባባሎች ከጭንቀት ሕመም ሊመነጩ ይችላሉ። የዚያኑ ያህል ግን ከመጠን በላይ ከሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ፣ ከደም ማነስ፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ከጠበበ የልብ በር ወይም በየዕለቱ ከሚቃም ጫት ሊመጡ ይችላሉ። እንቅርት ያለባት፣ ክብደቷ የቀነሰና እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ለወራት የጦስኝ ሻይ ብትጠጣ ሻይው አይጎዳት ይሆናል፤ የጎዳት ያለፈው ጊዜ ነው። አንድ የዕፅ ጥናት «ጭንቀት» ብሎ በሠንጠረዥ ሲያሰፍር ከእነዚህ መካከል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ተርጓሚው መረጃ ሰብሳቢ ነው፤ ትርጉሙ ግን የሕክምና ውሳኔ ሆኖ ይታተማል።

በኢትዮጵያ ገበያዎች ስለሚሸጡ የመድኃኒት ዕፅዋት የሚደረገው ጥናት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የታተመውና በ19 ገበያዎች የተካሄደው ጥናት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ዶክተር አክሊሉ ለማ ይገኙበታል። ርዕሱ ራሱ «ቅድመ ጥናት» ይላል፤ ይህም የጸሐፊዎቹን ጥንቃቄ ያሳያል። በዚያው ዓመት የአልማ አታ ጉባኤ የባህል ሐኪሞች በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ሊኖራቸው ስለሚችለው ድርሻ በመግለጫው አንሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው የተሠሩት ጥናቶች እጅግ ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ አብዛኞቹ ዛሬም ቅድመ ጥናት መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ ርዕሳቸው ይህንን አለመናገሩ ብቻ ነው።

የእነዚህ ጽሑፎች ቅርጽ የታወቀ ነው። መግቢያው ከኢትዮጵያ ሕዝብ 80 በመቶ የሚሆነው በባህል መድኃኒት እንደሚጠቀም በመግለጽ ይጀምራል። ይህ ቁጥር ማን፣ የት፣ እንዴት ቆጥሮ እንዳገኘው የሚያብራራ ጽሑፍ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይቀዳዋል። (የደም ግፊት ሥርጭትን እንዲህ ባለ ቁጥር የሚገልጽ ጽሑፍ ለዚህ መጽሔት ቢቀርብ ገምጋሚዎች በእርግጥ ይመልሱት ነበር።) ቀጥሎ የዕፁ ስም፣ የተወሰደው ክፍል፣ የሚታከመው ሕመምና አወሳሰዱ በሠንጠረዥ ይዘረዘራሉ። በመጨረሻም የመረጃ ሰጪዎች የስምምነት መጠን ተሰልቶ፣ ወደ 1 የተጠጋ ዋጋ ያገኘው ዕፅ «ለቀጣይ ምርምር ተስፋ ሰጪ» ተብሎ ይደመደማል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ስሌት የሚለካው ሰዎች ምን ያህል አንድ ዓይነት መልስ እንደሰጡ ብቻ ነው። በገጠር፣ እርስ በርስ በማይገናኙ መንደሮች፣ አንድ ዕፅ ለአንድ ሕመም ተደጋግሞ ቢጠቀስ ስምምነቱ የሚነግረን ነገር ሊኖር ይችላል። በመርካቶ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሻጮች ከተመሳሳይ አከፋፋይ ይገዛሉ፣ የደንበኛን ጥያቄ አብረው ይሰማሉ፣ መልሱንም አንዱ ከሌላው ይማራል። ሠላሳ ሰዎች «ያረጋጋል» ቢሉ ሠላሳ ምስክር አላገኘንም፤ አንድ ወሬ ሠላሳ ጊዜ ሰማን እንጂ። የስምምነቱ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የዕፁ ፈዋሽነት ሳይሆን የገበያው መረብ ጥንካሬ ይሆናል የተለካው።

ጦስኝን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በሀገራችን ደጋማ ቦታዎች ሁለት ዝርያዎች፣ ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ፣ ይበቅላሉ። በገበያ ሁለቱም ጦስኝ ናቸው። ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት የዘይታቸው ውሑዶች ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል እንዳላቸው በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ የታይመስ ሴሩላተስ ጭማቂ በአይጦች ላይ የደም ግፊትን መቀነሱና ሽንትን ማብዛቱም ተዘግቧል። ይህ ቁም ነገር ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን በአይጥ ላይ የተሰጠው በክብደት የተለካ ጭማቂ ሲሆን በቤት የሚጠጣው በቁንጥር የተነከረ ቅጠል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሳይለካ «ለግፊት ይረዳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ወደ ሕዝብ ሲወጣ፣ የግፊት ክኒኑን አቋርጦ ሻይውን የሚቀጥል ሰው ይኖራል። የዚህን ሰው መጨረሻ በሠንጠረዥ አናገኘውም፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በድንገተኛ ክፍል እናገኘዋለን። ፍላጎቱ ባደገ መጠን ጦስኙ ከነሥሩ እየተነቀለ ለገበያ መቅረቡም ሌላ ጉዳት ነው።

በዓለም ገበያ ተመሳሳይ ታሪክ ያለው የውኃ ላይ አበባ አለ። ኒምፊያ ሴሩሊያ የሚባለው ሰማያዊ አበባ በአፍሪካ ሐይቆችና ረግረጎች፣ በሀገራችንም ጭምር፣ ይበቅላል። የደረቀው አበባ «ሰማያዊ ሎተስ» በሚል ስም ለማረጋጊያ ሻይ ይሸጣል። ስሙ ራሱ ስሕተት ነው፤ እውነተኛው ሎተስ ኔሉምቦ የተባለ፣ ከሌላ ቤተሰብ የሆነ ተክል ነው። ዝናው በአንድ በኩል ከጥንታዊ ግብፅ የመቃብር ሥዕሎች ንባብ፣ በሌላ በኩል ኒሉፈርን ለራስ ምታትና ለእንቅልፍ ካዘዙት እንደ ኢብን ሲና ካሉ የመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች የመጣ ነው። ሻጮቹ የሚጠቅሱት አፖሞርፊን በአበባው ውስጥ መኖሩ ገና የሚያከራክር ሲሆን፣ ቢኖርም እንኳ በአፍ የተወሰደ አፖሞርፊን አብዛኛው በጉበት ተሰባብሮ ያልፋል። ኑሲፈሪን የተባለው ሌላው ውሑድ ደግሞ በውኃ በደንብ አይሟሟም። በሌላ በኩል፣ በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የታተመ የ5 ሕሙማን ዘገባ ከዚህ አበባ የተሠራ ምርት ከተጠቀሙ በኋላ አእምሯቸው ተዛብቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣታቸውን ይገልጻል፤ አብዛኞቹ በጢስ መልክ የሳቡ፣ አንዱ የጠጣ ነበር። እንግዲህ በሻይ መልክ ብዙ ላይሠራ የሚችል፣ በሌላ መልክ ግን የሚጎዳ ነገር በአንድ ስምና በአንድ ቃል፣ «ያረጋጋል» ተብሎ፣ ይሸጣል። ከመርካቶው የሚለየው በማሸጊያው ማማር ነው።

የአወሳሰድና የመጠን ጉዳይ በጤና አዳምም ላይ ይነሣል። አንድ ቅርንጫፍ በቡና ስኒ ውስጥ መንከር የቆየ ልማድ ነው፤ ለዚህ ማንም ሰው ሊገሠጽ አይገባም። ይሁንና ዕፁ ማሕፀንን የሚያኮማትርና ፅንስ የሚያስወርድ ባሕርይ እንዳለው፣ ፉራኖኩማሪን የተባሉት ውሑዶቹም ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተዳምረው ቆዳን እንደሚያቃጥሉ ይታወቃል። እናቶች የሕፃናትን የሆድ ቁርጠት ለማስታገስና ሕፃኑን ለማስተኛት ጨቅጭቀው ሲሰጡት መጠኑ ከቡናው ጋር አይነጻጸርም። ብዙ ጥናቶች «ቅጠሉ ተጨቅጭቆ ይጠጣል» ብለው ያልፋሉ። ስንት ቅጠል? ለስንት ቀን? የሕፃኑ ዕድሜ ስንት ነው? እርጉዝ ሴትስ ጠጥታዋለች? ለሐኪም የሚጠቅሙት ጥያቄዎች እነዚህ ሲሆኑ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ግን ዓምድ የላቸውም።

ከሁሉም የሚያሰጋው ስሙን ያጣ ድብልቅ ዱቄት ነው። ሙሉ ቅጠል ቢያንስ በዓይን ይለያል፤ የተፈጨ ግን አይለይም። አስተናግር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም፣ በከተማችን ቆሻሻ በሚጣልበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ስሙ ከ«መናገር» የመጣ ነው፤ የበላው ሰው እንደሚቃዥ ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለበት በእርግጥ ያፈዝዛል፤ ማፍዘዙ ለአንዳንዱ ማረጋጋት ይመስለዋል። የአፉ ድርቀት፣ የዓይኑ ብሌን መስፋት፣ የቆዳው መጋልና መድረቅ፣ የልቡ ፈጣን ምትና የሽንቱ መታገድ ያልታየለት ሰው «አበደ» ተብሎ በቀጥታ ወደ አእምሮ ሕክምና ሊላክ ይችላል። ተረኛው ሐኪም የጠጣውን ካልጠየቀ፣ ቤተሰቡም በኀፍረት ካልተናገረ፣ ለምርመራው ሌላ በር የለም።

ይህን ሁሉ ያልኩት የገበያ ጥናት ይቅር ለማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከሥር ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ እንዶድ ለቢልሃርዚያ መከላከያ መታሰቡም ባልነበረ። ነገር ግን እሳቸው ሴቶቹ እንዶድን ለምን እንደሚጠቀሙ መዝግበው አልተመለሱም። ቀንድ አውጣውን ወሰዱ፣ ዱቄቱን መዘኑ፣ በስንት መጠን እንደሚገድል ለኩ። ሴቶቹ የተናገሩት ስለ እድፍ ነበር፤ እሳቸው ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። የዛሬዎቹ የዝርዝር ጥናቶች የሚያጡት ይህንን ሁለተኛ እርምጃ ነው፤ በበኩሌ የገንዘብ እጥረት ለዚህ በቂ ምክንያት አይመስለኝም። ዕፁን ገዝቶ በሚዛን መመዘን፣ በቤት የሚጠጣውን በስኒ መለካትና ናሙናውን ለብሔራዊ ዕፀ ዋት ማኅደር አሳይቶ ማንነቱን ማረጋገጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥናቱን የማይሠራ ባለሙያም ድርሻ አለው። የመድኃኒት ጎጂ ውጤት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ «መድኃኒት» ሲል የባህልና የዕፅ መድኃኒቶችን እንደሚጨምር በላዩ ተጽፏል። ሆኖም ቅጹ የአምራቹን ስምና የምርት መለያ ቁጥር ይጠይቃል። ከቅመም ተራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ለመጣ ዕፅ እነዚህን መሙላት ስለማይቻል ባለሙያው ቅጹን ይተወዋል። በባዶው ቦታ የተገዛበትን ተራ፣ ሙሉ ቅጠል ወይም ዱቄት መሆኑን፣ በስኒ ወይም በማንኪያ ስንት እንደተወሰደና ለስንት ቀን እንደቆየ መጻፍ ይቻላል። ከታካሚው የተረፈውንም ጥቂት በወረቀት ጠቅልሎ፣ የካርድ ቁጥሩን ጽፎበት፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ፤ ዕፁን የሚለይ ባለሙያ ሲገኝ የሚመረመረው እሱ ነውና።