የቅርጽ ማስረጃና የተግባር ጥያቄ
በሬቲና የዶፓሚን ሕዋሳት ጥናት ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

በላስታ የቀትር ፀሐይ የተጓዘ ምእመን የላሊበላን ቤተ መድኃኔ ዓለም ደፍ ሲሻገር ለጊዜው ምንም አይታየውም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ዓምዶቹ አንድ በአንድ ይገለጡለታል። ይህ መላመድ ሲብራራ ዘወትር የሚጠቀሱት ብርሃን ተቀባዮቹ ሮድና ኮን ናቸው። ይሁን እንጂ በቁጥር ጥቂት ሆነው ሳለ ሰፊ የሬቲና ክፍል የሚያዳርሱ፣ ብርሃን ሲበረታ ዶፓሚን በብዛት የሚለቁ የነርቭ ሕዋሳትም ድርሻ አላቸው።

ዴኒስ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት የእነዚህን ሕዋሳት ቅርጽ በማካክ ጦጣ (የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጭላዳ ዘመድ ነው) ሬቲና ላይ በዝርዝር አሳይቷል። የሕዋሱ አካል ትልቅ፣ ዴንድራይቶቹም ጥቂት ናቸው። ቀጫጭኖቹ አክሰን መሰል ክሮች ግን በርካታ ሚሊሜትር ተጉዘው ከሌሎች ሕዋሳት ክሮች ጋር ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይሠራሉ። መረቡም የሮድን መልእክት የሚያስተላልፉትን ኤ ቱ አማክራይን ሕዋሳት እንደ ቀለበት ይከባል። የጥናቱ ብርታት እያንዳንዱን ሕዋስ ለየብቻ ቀለም ሞልቶ ማሳየቱ ነው፤ መረቡን በጅምላ ማቅለም ብቻ የትኛው ክር የማን እንደሆነ አያስለይም።

በእኔ አስተያየት ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚህ በኋላ ነው። ቅርጹ ዶፓሚን የት ሊደርስ እንደሚችል ይነግረናል፤ ደርሶ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። ዶፓሚን በኤ ቱ ሕዋሳት መካከል ያለውን ትስስር እንደሚያላላ የታየው በዋናነት በጥንቸል ሬቲና ነው። ሁለቱን ማስረጃዎች አዋህደን በሰው ላይ እንደተረጋገጡ አድርገን ማስተማር አይገባንም።

ጉዳዩ ታማሚን ይነካል። በዚያው በ1990 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከመሞታቸው በፊት ሌቮዶፓ ባልወሰዱ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን ቀንሶ እንደተገኘ ገልጿል። የእነዚህ ታማሚዎች ደብዛዛ ንፅፅርን የመለየት ችሎታም እንደሚዳከም ይታወቃል። ስለዚህ አንድ የፓርኪንሰን ታማሚ በድንግዝግዝ የድንጋይ ደረጃው እንደማይለይለት ቢናገር፣ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል አነበበ ተብሎ «እርጅና ነው» በሚል መሸኘት የለበትም። ሁሉንም በዶፓሚን ማሳበብም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ የዓይን ሞራ፣ ግላኮማና የትራኮማ ጠባሳ አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል።