ነጋሪትና ሞፈር፦ የጎንደር ደጋ ኑሮና ውጊያ በቅኝ ግዛት ዘመን

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ጦርነት ከእርሻ ተለይቶ የቆመ ሙያ አልነበረም። ክረምቱን አርሶ፣ በበጋ ወቅቶ እህሉን ጎተራ ያስገባው ባላገርና ነጋሪት ሲጎሰም ጋሻውን ከግድግዳ አውርዶ የሚዘምተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነበር። የወገራና የደምቢያ እህል የዘማች ስንቅ፣ የስሜን አምባ የመኳንንት ምሽግ፣ የአርማጭሆና የቋራ ቆላ ደግሞ የሸፋች መጠለያ ሆነው ኖረዋል። ይህ አገር ከ1840 እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ ግብፅን፣ እንግሊዝን፣ ድርቡሽንና ጣሊያንን በተለያየ ጊዜ ገጥሟል። በዚያው ዘመን በደቡብ አፍሪካ ገናና የነበረው የዙሉ መንግሥት አንድ ዓመት እንኳ ባልሞላ ጦርነት ተንኮታኩቷል። የሁለቱ ዕጣ ለምን ተለያየ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የተራራውና የጠመንጃው ነገር ነው። ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ይሁንና ይበልጥ የሚያስረዳው ሠራዊቱ በምን ላይ ቆሞ እንደነበር ነው። የዙሉ ጦር በንጉሡ እጅ የተያዘ ነበር፤ የጎንደር ደጋ ጦር ግን በየቤቱና በየርስቱ የተበተነ ነበር። ይህ መበተን አገሩን ከመውደቅ ቢያድነውም ባላገሩን ክፉኛ አስከፍሎታል።

የዘማች ቤት

የሠራዊቱ አሰላለፍ ከማዕረጎቹ ይታያል። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይይዛል፣ ደጀኑ ከኋላ ይከተላል። ክንፎቹ ጠላትን ከግራና ከቀኝ ለመክበብ የተዘጋጁ ናቸው። ዙሉዎችም ሠራዊታቸውን በበሬ አምሳል ያሰልፉ ነበር፤ ደረቱ ፊት ለፊት ሲገጥም ሁለቱ ቀንዶች ዞረው ይከባሉ፣ ወገቡ ለእርዳታ ይጠብቃል። በውጊያ ስልት የተቀራረቡት እነዚህ ሠራዊቶች በአደረጃጀት ግን እጅግ ይራራቃሉ። የዙሉ ወጣት ከእኩዮቹ ጋር በዕድሜ ተመድቦ በንጉሡ ሰፈር ያድጋል፤ ትዳር ለመመሥረትም ክፍለ ጦሩ የንጉሡን ፈቃድ መጠበቅ አለበት። የጎንደር ዘማች ግን ጎጆ የወጣ፣ በአባቱ ርስት የሚያርስ፣ የሚከተለውም የአካባቢውን መኳንንት ነው። ጌታው ጉልት ተሰጥቶት ከገባሩ ግብር ይቀበላል፤ ዘማቹም ክብርና ሹመት የሚያገኘው በዚያው ጌታ በኩል ነው።

ጠመንጃ ወደ ደጋው የገባው ከዚህ ሥርዓት ጋር ተላምዶ ነው። ሰናድርና ውጅግራ በየዘመናቸው ሲመጡ መንግሥት አከማችቶ የሚያድለው መሣሪያ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ በከብትና በእህል እየተሸመቱ የቤት ንብረት፣ የወንድነት ምልክት፣ በሠርግና በለቅሶ ፉከራና ቀረርቶ የሚወደስባቸው ሆኑ። ከባዕድ ጋር የተገጠመበት ዘመን ሁሉ «በጦርና በጋሻ ብቻ» እንደተካሄደ አድርጎ የሚያቀርበው ሥዕል ስለዚህ የተሳሳተ ነው። የጎደለው ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ፣ መለዋወጫውና ሥልጠናው ነበር።

ስንቅ የሴቶች ሥራ ነበር። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው ከመነሻው ቀን በፊት በየቤቱ ይሰናዳል። በጉዞውም ሚስቶችና ገረዶች ጦሩን ተከትለው ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። የተያዘው ስንቅ ሲያልቅ ግን ሠራዊቱ በደረሰበት አገር ተሰሪ ይሆናል። ባላገሩ የማያውቀውን ወታደር ቤቱ አስገብቶ እስኪነሳ ድረስ ይቀልባል፤ እምቢ ካለ በግድ ይወሰድበታል። የሥርዓቱ ዋና ሕመም ይህ ነበር።

የካሳ ሙከራ

ሕመሙን ለማከም የሞከረው የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው። በቆላው ሸፍቶ የውጊያን ሙያ የተማረው ካሳ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተጋጥሞ ተሸነፈ። መሽጎ በመድፍ የሚዋጋ፣ በሥነ ሥርዓት የሰለጠነ ጦር በጀግንነትና በብዛት ብቻ እንደማይደፈር ያየው በዚያ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በስሜን ድል አድርጎ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ወዲያውም የተማረውን በሥራ ላይ ማዋል ጀመረ። ጦሩን በአስር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ አደራጀ። ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቆርጥለት ሞከረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡለት አደረገ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው።

ደመወዝ ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሚገኘውም ከመሬት ነው። የቤተ ክርስቲያንን ትርፍ መሬት ለግብር ከፋይ ገበሬ ለመስጠት ማሰቡ ከካህናቱ ጋር አጣላው። አመፅ በየአቅጣጫው ተነሳ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ በአመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። ንጉሡ የሚገዛው አገር እየጠበበ ሲሄድ ሠራዊቱ በቀረችው ምድር ላይ ተደራረበ፤ ደመወዝ ሊከፈለው የታሰበው ወታደርም እንደ ቀድሞው ከገበሬው ጎተራ ወደ መብላት ተመለሰ። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሷን ጎንደርን ዘርፎ አቃጠላት። የአብያተ ክርስቲያኑ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ንጉሡ አምባ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ያሰራቸውን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ የዘመቱት እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያንን ሀብት ዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱት፤ በጎንደር ቀለም የተጻፉ ብራናዎች ዛሬ በለንደን የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

መቅደላና ኢሳንድልዋና

መቅደላ ከመያዙ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በአሮጌ ሜዳ የሆነው የቴዎድሮስንና የእንግሊዝን ሠራዊቶች ልዩነት በግልጽ ያሳያል። የቴዎድሮስ ሰዎች ከአምባው ቁልቁል ወርደው ሲያጠቁ እንግሊዞች በአዲሱ ሰናድር ተቀበሏቸው። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን ድሉ ከዚያ በፊት በስንቅ ተወስኗል። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር እህሉንና ገለባውን በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ፣ ከትግራዩ ካሳ ምርጫ ጋር ተስማምቶ ነው መቅደላ የደረሰው። ቴዎድሮስ ግን የሚቀልበው አገር አልቀረውም ነበር።

በዚያ ዘመቻ በከፍተኛ መኮንንነት ያገለገለው ፍሬደሪክ ቴሲጀር፣ በኋላ ሎርድ ቼልምስፎርድ ተብሎ፣ ከ11 ዓመት በኋላ በዙሉ ላይ የዘመተውን ጦር መርቷል። በጥር 1871 ዓ.ም. በኢሳንድልዋና ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የዙሉ ጦር ሰፈሩን ከብቦ ከ1 ሺህ 300 በላይ የእንግሊዝና የተባባሪዎቿን ወታደሮች ገደለ። ድሉ አልቆየም። በሰኔ ወር እንግሊዞች በኡሉንዲ ዋናውን ሰፈር አቃጠሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ንጉሥ ሴትሽዋዮ ተማርኮ አገሩ በ13 ሹማምንት ተከፋፈለ። ክፍለ ጦሮቹ፣ የጋብቻ ፈቃዱና የንጉሡ ሰፈር በአንድ ማዕከል ዙሪያ የተያያዙ ስለነበሩ ማዕከሉ ሲወድቅ አብረው ፈረሱ። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የዙሉ ምድር በእንግሊዝ ግዛትነት ተያዘ።

በእርግጥ ናፒየር ኢትዮጵያን ለመያዝ አልመጣም፤ እስረኞቹን አስለቅቆ ተመልሷል። ንጽጽሩ ይህን ካልመዘነ ሚዛኑን ይስታል። ሆኖም ቴዎድሮስ ሲሞት ርስቱም፣ መኳንንቱም፣ ገዳማቱም ባሉበት ቀርተዋል። የወደቀው የአንድ ንጉሥ ዕቅድ ነበር።

ድርቡሽና ክፉ ቀን

በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የሚመራው የሱዳን ድርቡሽ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያኗ ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ። ከጥፋቱ ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቀድሞ ካሳ ምርጫ የተባሉት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ድርቡሽን ገጠሙ፤ ምሽጉ ተሰብሮ ድሉ ሊጨበጥ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አረፉ። በማግስቱ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ፤ እያንዳንዱ መኳንንት የራሱን ሰው ይዞ ወደ አገሩ ዞረ። ቤትን መሠረት ያደረገ ሠራዊት ድክመቱ ይኸው ነው፤ ንጉሥ ሲወድቅ ድሉን የሚፈጽም የለም።

ከጦርነቱ ጋር የከብት በሽታ እልቂት ይዞ መጣ። ክፉ ቀን በተባለው በዚያ ዘመን የእርሻ በሬ በማለቁ ገበሬው በዶማ ቆፍሮ ለመዝራት ተገደደ፤ ብዙው ግን የሚዘራውም አልነበረውም። የተራበው ወታደር በተራበው ባላገር ላይ ወደቀ። ያው በሽታ በ1889 ዓ.ም. የዙሉን ከብት ፈጅቷል፤ በዚያ የጥሎሽ ከብት ያጣው ወጣት ወደ ማዕድን ጉድጓድና ወደ ነጭ እርሻ ለደመወዝ ተሰደደ። በጎንደር ደጋ የሚቀጥር ቅኝ ገዢ ስላልነበረ የተረፈው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ርስቱ ተመለሰ። በሬው ጠፍቶም መሬቱ ከእጁ አለመውጣቱ ከዓመታት በኋላ ለመጣው ጦርነት ትርጉም ነበረው።

ከተከዜ እስከ ልማሊሞ

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሩን ስትወር ራስ እምሩና ደጃዝማች አያሌው ብሩ በተከዜ ግንባር ተሰለፉ። በታኅሣሥ ወር ዘማቾቹ ወንዙን ተሻግረው በደምበጉና በር የጣሊያንን ጦር ሲያጠቁ ትናንሽ ታንኮች ገጠሟቸው። የታንኮቹ መትረየስ በፊት ለፊት የተተከለ፣ እንደልብ የማይዞር ነበር። ዘማቾቹ ይህን ተረድተው ከኋላ እየዞሩ ላያቸው ላይ ወጡ፤ ድንጋያማው መሬትም ታንኮቹን ስለያዛቸው በርካቶቹ ተሰባበሩ። የጣሊያን መልስ ከሰማይ መጣ። በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ ከአውሮፕላን የተጣለው የመርዝ ጋዝ ቆዳን እየላጠ ሰውንም ከብትንም ፈጀ። ለዚህ ስልትም ጀግንነትም መልስ አልነበረውም። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ተያዘች።

ጣሊያኖች ጎንደርን አማራ ብለው የሰየሙት ግዛት መቀመጫ አደረጓት። ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን ሠሩ፤ በልማሊሞ ገደል ላይም የሚጠማዘዘውን የአስመራ መንገድ ቆረጡ። ግዛታቸው ግን ከምሽጎቹና ከመኪናው መንገድ ብዙም አልራቀም። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ተሰደው፣ መደበኛው ጦር ተበትኖ ሳለ በየቀበሌው የጎበዝ አለቃ ተመረጠ። የጎበዝ አለቃ ሹመቱ ከቤተ መንግሥት አይመጣም፤ ጎረቤት የሚያምነው፣ ተኩስና አገር የሚያውቅ ሰው ነው። ካሳ ቀድሞ የኖረበት የቆላ ሽፍትነት አሁን አርበኝነት ሆነ፤ እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ መሪዎች ዱር ቤቴ ብለው በአርማጭሆና በአካባቢው ተዋጉ። ውስጥ አርበኞች ጥይትና ወሬ ከከተማ ያወጣሉ፤ ሴቶች ስንቅ ያቀብላሉ፤ ከጠላት ጋር የተሰለፈው ባንዳም አንዳንዴ መሣሪያውን ይዞ ይከዳል።

ይህ ተጋድሎ በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ዘመቻ ጋር ገጠመ። የወልቅፊት ምሽግ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ወደቀች፤ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲም ተማረከ። ከአርበኞቹ ጋር የተሰለፉት ብዙዎቹ እንግሊዝ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ የመለመለቻቸው አፍሪካውያን ነበሩ፤ በምሽጉ ውስጥም ጣሊያን ያሰለፈቻቸው ሌሎች አፍሪካውያን ነበሩ። የመጨረሻው ጦርነት በሁለት ቅኝ ገዢዎች መካከልም ነበር።

የተጋድሎው ሚዛን

ዙሉዎች በ1898 ዓ.ም. ባምባታ በመራው አመፅ ዳግም ሲነሱ ንጉሥ፣ ክፍለ ጦርና ሰፊ መሬት አልነበራቸውም፤ አመፁ በወራት ውስጥ ተደመሰሰ። የጎንደር ደጋ ባላገር በ1928 ዓ.ም. ንጉሡን ሲያጣ ግን ርስቱ፣ ጠመንጃውና የጎበዝ አለቃው ነበሩት፤ ስለዚህ አምስት ዓመት መዋጋት ቻለ። ይህን ጽናት በብሔራዊ ኩራት ብቻ መተርጎም ግን ግማሹን ታሪክ ይጥላል። ዜና መዋዕሎች የነገሥታቱን ድል፣ የአውሮፓ ተጓዦች ደግሞ የሠራዊቱን ጭካኔ ጽፈዋል፤ ተሰሪውን የቀለበው ገባርና በሶውን የፈጨችው ሴት ግን በሁለቱም ዘንድ የረባ ስፍራ አላገኙም። ባዕድ እንዳይገዛው የታደገውም፣ በገዛ ወገኑ እንዲዘረፍ ያጋለጠውም ያው ሥርዓት ነበር። የጎንደር ደጋ የጦርነት ታሪክ የተሟላ የሚሆነው ሁለቱ በአንድነት ሲጻፉ ነው።