ስለ ጣና ደሴቶች ቍጥርና ስለ ቈጣሪዎቹ

የጣናን ባሕር ያዩ የውጭ አገር ጸሓፊዎች ስለ ደሴቶቹ ብዛት የሰጡት ቃል እርስ በርሱ አይስማማም። ኢየሱሳዊው ካህን ማኑኤል ደ አልሜዳ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደሴቶቹ 21 መሆናቸውን፥ በሰባት ወይም በስምንቱም ገዳማት መኖራቸውን ጻፈ። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በባሕሩ ምሥራቃዊ ዳር ያለፈ ሰው ነው፤ እርሱም የአገሩ ሰዎች ሰው የሚኖርባቸውን ደሴቶች 45 እንደሚሏቸው ከነገረን በኋላ፥ በራሱ ግምት ወደ 11 አወረዳቸው። በ20ኛው መቶ ዓመት የተደረገ ቈጠራ ደግሞ 37 ደሴቶችን አግኝቶ፥ በ19ኙ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ወይም እንደ ነበረ ገለጠ።

ከእነዚህ የተሳሳተው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ነገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ እያንዳንዱ ቈጣሪ ደሴት ያለው ምን ዓይነቱን ስፍራ እንደ ሆነ ነው። ቍጥሩ ደርሶናል፤ የተቈጠረበት ሚዛን ግን አብሮ አልተሰጠንም።

የጣና ጠባይ ራሱ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። ባሕሩ እጅግ ሰፊ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚጠልቀው ስፍራ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የደብረ ታቦርን ደጋ አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ጉማራም በወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ አልፎ ወደ ባሕሩ ይገባል። በክረምት የፎገራ ሜዳ በውሃ ይሸፈናል፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ረግረጉ ግጦሽና እርሻ ይሆናል። እንግዲህ በዳር አካባቢ ላለ ስፍራ፥ የመስከረም ቈጠራና የግንቦት ቈጠራ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የሕዝቡ ሚዛን ነው። ዘጌ በሦስት ወገን ውሃ የከበበው ልሳነ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም፤ ሆኖም ስለ ጣና ገዳማት ሲነገር ከደሴቶቹ ጋር አብሮ ይጠራል። ደቅ ገበሬዎች የሚኖሩበት ትልቅ ደሴት ነው። በአጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የመነኰሳት ስፍራ ሲሆን፥ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ነው። ሬማ መድኃኔ ዓለም የዐፄ ሠርፀ ድንግል መቃብር ነው። ጣና ቂርቆስም በትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትገባ የቈየችበት ስፍራ ነው። እነዚህን ሁሉ በጐጆ ብዛት መመዘን አይቻልም።

ስለዚህ የብሩስ ጕድለት ቍጥሩን ማሳነሱ ሳይሆን፥ የ45ቱን ስም ሳይዘረዝርልን ግምቱን በላዩ መጫኑ ነው። ሆኖም የሕዝቡን ቃል ከራሱ ግምት ጋር ጽፎ ስላስቀረልን ሊመሰገን ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን፥ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ የተሻለውን መንገድ ያዘ፤ ደሴቶቹን እየዞረ ተመልክቶ አብያተ ክርስቲያናቱን በየስማቸው ጽፏልና።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቁ የሚገባቸው ግን ከደንገል ታንኳ ሠርተው ባሕሩን ሲቀዝፉ የኖሩት ወይጦዎች ናቸው። የመነኰሳቱ ታሪክ በብራና ተጽፏል፤ የታንከኞቹ ዕውቀት ግን ያለው በቃል ነው።

ይህ ሥራ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፥ የወንዞቹ ደለል ዳርቻውን እየገፋው ነው፤ ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭም የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። ነገ አንድ ደሴት ከየብስ ጋር ቢገጥም፥ ካርታ ሠሪው ከደሴቶች መዝገብ ሊፋቀው ይችላል። የስፍራው ስም፥ ሥርዐቱና ታሪኩ ግን አብሮ ሊፋቅ አይገባም። ስለዚህ ወደ ፊት የሚቈጥር ሰው ከቍጥሩ ጋር የቈጠረበትን ወር፥ የየደሴቱን ስም፥ ስሙንም የነገረው መነኵሴ፥ ገበሬ ወይም ታንከኛ መሆኑን ቢጽፍ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ልዩነቱ የውሃው ይሁን የቈጣሪው ለመለየት ይችላል።